ምጥ ሳይመጣ

ማዋለድ ይቀለኛል። የሚከብደኝ ወሯ የገባን እናት ምጥ ሳይጀምራት ከቤቷ አስነስቶ ሆስፒታል ማምጣት ነው። ሕመም የለባትም፣ ደም አልፈሰሳትም፤ እንዲያውም ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ ነው ለክትትል የመጣችው። እንዲህ ያለችውን ሴት «ከዛሬ ጀምሮ ማቆያው ውስጥ ሰንብቺ» ስላት፣ አብረዋት የመጡት ሰዎች ፊት ወዲያው ይለወጣል። በቅርቡ አንዲት ከዚህ ቀደም በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ከአማቷ ጋር መጣች። ካርዷን አይቼ ነገሩን ሳስረዳ፣ አማትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ምጥ የሌላት ሴት እዚህ ተቀምጣ ምን ትሠራለች? ላሟንስ ማን ያልባታል?» አሉኝ። «እርስዎ ያልቧታላ፣ እናቴ» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ድርድሩ ተጀመረ፤ የገበያው ቀን ይለፍ፣ ሰንበት ይውጣ፣ ባሏ ከሄደበት ይመለስ። የድሮው ጠባሳ ምጡ ሲፋፋም ሊተረተር እንደሚችል፣ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ቤት ያለ ሰው ቶሎ እንደማያውቀው፣ በሌሊት መኪና ፍለጋ መሮጥ ለእናትየዋም ለልጁም እንደማይደርስላቸው ደጋግሜ ነገርኳቸው። በመጨረሻ የተስማሙት በኔ ማስረዳት ይሁን በምራታቸው ዝምታ፣ አላውቅም።

ይህንን ድርድር በአገራችን ቀድመው ከለመዱት መካከል ሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ የሚባሉት የካቶሊክ ደናግል ይገኙበታል። በጉራጌ ዞን፣ ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የአጣጥ ሆስፒታልን የመሠረቱ ናቸው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ግቢው ውስጥ ለነፍሰ ጡሮች ማረፊያ፣ ዛሬ ማቆያ የምንለውን፣ አዘጋጁ። ጠባብ ዳሌ ያላት፣ መንታ ያረገዘች፣ ቀድሞ ልጅ የሞተባት ወይም በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ቀኗ ሲቃረብ እየመጣች ትሰነብታለች። ቆጮውን ቤተሰብ ያመጣል፣ ሴቶቹ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በእግር የሚደረስበት ነው። ከዚህ የተለየ ምስጢር የለውም።

ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት እዚያ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ተጠንቶ በ2010 ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 6,805ቱ በማቆያው በኩል ያለፉ ናቸው። በማቆያው ካለፉት መካከል የሞቱት እናቶች፣ በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ፣ ወደ 90 ይጠጋሉ፤ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 ይበልጣሉ። ከ1,000 ወሊዶች ሞተው የተወለዱት ሕፃናት በማቆያው በኩል 18 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ በመጡት ዘንድ 191 ናቸው።

ቁጥሩን እንዳየሁ እኔም ተደንቄ ነበር። ነገር ግን ሙያተኛ ሲያነበው ትንሽ መቆም አለበት። በቀጥታ የመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ሲያምጡ ቆይተው፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ስለሚሆኑ፣ ሁለቱን ወገን እኩል ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አይቻልም። ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው ብቻውን አላመጣውም። እኔን የበለጠ ያሳመነኝ ሌላ ቁጥር ነው። ማቆያው ውስጥ ከቆዩት 38.5 በመቶዎቹ በኦፕራሲዮን ወልደዋል፤ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 20.3 በመቶ። እንግዲህ ማቆያው የገቡት ቀላል ወሊድ የሚጠብቃቸው ሴቶች አልነበሩም፤ እጅግ የሚያሰጉት ነበሩ። ሐኪሙ በቀን፣ ደም ተዘጋጅቶ፣ ልጁ ሳይታፈን ነው የደረሰላቸው።

የሜዲካል ሚሽን ሲስተርስ ማኅበር ታሪክ ለአዋላጅ የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። መሥራቿ አና ዴንግል ኦስትሪያዊት ሐኪም ነበረች። አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ተምራ፣ ያኔ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ፣ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው ራዋልፒንዲ ሠራች። እዚያ ወንድ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር የሆነባቸው ሴቶች በወሊድ ያልቁ ነበር። ሴት ሐኪም ትምጣ ቢባል ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ደናግል በሕክምና እንዳይሰማሩ፣ በተለይ እንዳያዋልዱ ይከለክል ነበር። ይታያችሁ፤ ስመ ማርያምን ሌት ተቀን የሚጠሩ ሴቶች ምጥ ላይ ያለች እናት ዘንድ መቅረብ ተከለከሉ! ዴንግል በ1925 ከሦስት ሴቶች ጋር ዋሽንግተን ላይ ማኅበሩን አቋቋመች፤ ክልከላው እስኪነሳ ግን የካቲት 1936ን መጠበቅ ነበረባቸው። እስከዚያ የገዳም ኑሮ እየኖሩ፣ በአደባባይ የሚሰጠውን የምንኩስና ቃል ኪዳን ሳይገቡ ማከማቸውን ቀጠሉ።

ዛሬ ማቆያ የደናግሉ ብቻ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር አስፋፍቶት በብዙ ጤና ጣቢያዎች ተሠርቷል፤ ኅብረተሰቡም እህል፣ እንጨትና ጉልበት አዋጥቷል። በቤቶቹ ብዛት ግን ብዙም አልረካም። ጠባሳ ያላት እናት ኦፕራሲዮን በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ማቆያ ብትሰነብት፣ ምጡ ሲመጣ ያው ሪፈር ነው፣ ያው አምቡላንስ ፍለጋ ነው። ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ዙር ነው። ማቆያው ውስጥ ያለች ሴት «በሽተኛ» ስላልሆነች ዙር ላይ የማንም አትሆንም። ቢፒዋ ሽቅብ ይወጣል፣ ራስ ምታቱን ከምድጃው ጢስ ትቆጥረዋለች፣ ማንም ሳይጠይቃት ይመሻል። በየጠዋቱ የሚገባ፣ የልጁን ልብ ምት የሚያዳምጥ፣ «እግርሽ አብጧል? ዓይንሽ ብዥ ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ አዋላጅ ከሌለ ያ ቤት የእንግዳ ማረፊያ ነው።

ደናግል በሚመሩት ቦታ ዙር የሚቀርበት ቀን ያነሰ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን ቅድስና ብቻ ላደርገው ግን አልፈልግም። ግቢው ውስጥ ያድራሉ። በዓመቱ አይዛወሩም። አንዲት እናት ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ ስትመጣ የመጀመሪያውን ያዋለደቻትን ሴት ታገኛለች። እኛ ጋ ግን ልምድ ያካበተ አዋላጅ ብዙ ሳይቆይ ከተማ ይገባል ወይም የውጭ ድርጅት ይቀጥረዋል፤ ደመወዙን ለሚያውቅ ሰው አይፈረድበትም። የደናግሉ ሥራ ያለ አድልዎ መሆኑም ሊነገር ይገባል፤ በ2007 የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊክ ምእመናን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሆስፒታሎች የሚያክሙት በአብዛኛው የሌላውን እምነት ተከታይ፣ ሙስሊሙን፣ ኦርቶዶክሱን፣ ፕሮቴስታንቱን ነው።

ይሁንና ደናግልም ያረጃሉ። አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ አዲስ የምትገባ ወጣት ከጠፋች ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ሁለት የደናግል ማኅበራት በ1999 ሆስፒታሎቻቸውን አዋህደው አሴንሽን የሚባለውን ግዙፍ የሕክምና ተቋም መሠረቱ፤ ዛሬ አስተዳደሩ በአብዛኛው በምእመናን ባለሙያዎች እጅ ነው። እኛ ዘንድ መነኮሳይት የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን እህቶች አሁንም አሉ፤ የውጭ እርዳታው ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአውሮፓዊቷ እህት ዘመድ፣ ወዳጅና ሰበካ ነው። እሷ ወደ አገሯ ስትመለስ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ከየት ይመጣል? ከታካሚው እንዳይባል ክፍያው ሆን ተብሎ ዝቅ ያለ ነው።

እኔ በምሠራበት ሆስፒታል የማቆያው ዙር በተረኛ መርሐ ግብር ላይ በስም እንዲገባ ጠይቄአለሁ። ሜትሮኗ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሰው ግን የለኝም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ለጊዜው ከማዋለጃ ክፍል ስወጣ ቢፒ መለኪያውን ይዤ እግረ መንገዴን እገባለሁ። ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን ማን እንደሚገባ በኃላፊዎቹ ስብሰባ ላይ ይነሳል ተብሏል።