ከቢሮ ሥራ ወደ ወንጀል ልብ ወለድ

ከቤቴል በማለዳ ተነሥታ፣ ልጆቿን ቁርስ አብልታ፣ በጦር ኃይሎች በኩል ወደ መሥሪያ ቤቷ የምትጓዝ እናት ለመጻፍ ጊዜ ከወዴት ታገኛለች? ዕድሜዋ ከ40 ካለፈ ደግሞ «ከእንግዲህ ወዲያማ!» ማለቷ አይቀርም። የእንግሊዛዊቷ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የወይዘሮ ፊሊስ ዶሮቲ ጄምስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

ወይዘሮ ጄምስ በ1920 እ.ኤ.አ. ተወለዱ፤ ትምህርታቸውንም በ16 ዓመታቸው አቋረጡ። ሐኪም የነበሩት ባለቤታቸው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአእምሮ ሕመምተኛ ሆነው ተመለሱ። ሕመሙ ከጦርነቱ የመጣ ነው ተብሎ ስላልታመነበትም የጡረታ አበል አልተሰጣቸውም። ሁለቱን ሴቶች ልጆች የማሳደጉ ኃላፊነት በእናቲቱ ትከሻ ላይ ወደቀ። እርሳቸውም የሆስፒታል አስተዳደርን በማታ ትምህርት ተከታትለው፣ ከ1949 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሙያ አገለገሉ።

የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን የጻፉት ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ በማለዳ እየተነሡ ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ባለቤታቸው ያረፉት ከዚያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሆኖም መጽሐፍ ታተመልኝ ብለው ደመወዛቸውን አልተዉም። በ1968 ወደ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ገብተው፣ በፖሊስና በወንጀል ጉዳዮች ክፍል እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ሠርተዋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ዋና ነገር እነዚያ የቢሮ ዓመታት ባክነው አለመቅረታቸው ነው። በ1971 ያሳተሙት ልብ ወለድ ግድያ የተፈጸመበት የነርሶች ማሠልጠኛ፣ የ1977ቱም የወንጀል ምርመራ ላቦራቶሪ ከሥራቸው ያወቁት ዓለም ነው።

በአገራችንም ሐዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት ለብዙ ዓመታት አገልግለው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ነበር። በወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በኩል ደግሞ የይልማ ሀብተየስ ስም ይነሣል፤ መንገዱ ለአማርኛ አንባቢም እንግዳ አይደለም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ጉድለት በምን ዓይነት ሰነድ እንደሚሸፈን ታውቃለች። ነርሷ የመድኃኒቱን መጠን፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዋ የምስክሩን መንተባተብ ታውቃለች። ይህ ሁሉ የድርሰት ስንቅ ነው። ነገር ግን የበሽተኛ ወይም የባለጉዳይ ምሥጢር እንዳለ አይጻፍም፤ ስሙም፣ ቦታውም፣ ነገሩም መለወጥ አለበት።

የቀረው የቤተሰቡ ድርሻ ነው። ባል ቁርሱን ቢያዘጋጅ፣ ትልልቆቹ ልጆች ታናናሾቻቸውን ቢያለባብሱ፣ እናት በቀን አንድ ሰዓት ታገኛለች። ብዙ ዓመት ያጠራቀመችውን ዕውቀት በወረቀት ላይ ለማስፈር መነሻው ይህችው አንድ ሰዓት ናት።