የምድር ባቡሩ ፈቃድ ከሰጪው እጅ እንዴት ወጣ?

አንድ መንግሥት ለአንድ ኩባንያ የምድር ባቡር እንዲሠራ ፈቃድ ሲሰጥ ሁለት ነገር አብሮ ይሰጣል። አንደኛው ሐዲዱ የሚያልፍበት መሬት ነው፤ ይህን ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ኩንታል ጭነት የሚከፈለውን ዋጋ የመወሰን ሥልጣን ነው፤ ይህ ግን ውሉ በሚፈረምበት ቀን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ያልፋል። መሬቱ ባለበት ይቀራል፤ የዋጋው ሥልጣን ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ወደማያዝበት ስፍራ ሊደርስ ይችላል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የቀድሞው የምድር ባቡር ታሪክ ለዚህ ዋና ምስክር ስለሆነ፥ ዕቃ ለሚያስመጣውም ሆነ ወደ ውጭ ለሚልከው ነጋዴ ጉዳዩን መለስ ብሎ መመልከቱ ጥቅም አለው።

ፈቃዱ የተሰጠበት ዘመን

ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት የሐረር ቡና፥ ቆዳው፥ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ በግመል ጀርባ ወደ ዘይላና ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር፤ በመልሱም አቡጀዲና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ይመጣ ነበር። ሲራራ ነጋዴው በበረሃ መንገድ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ውኃ ሲጠፋ ግመሉ ያልቅበታል፥ ዝናብ ሲጥል ጭነቱ ይበላሽበታል፥ በየኬላውም ቀረጥ ይጠብቀዋል። ከባሕር በሮቹም አንዱ እንኳ በኢትዮጵያ እጅ አልነበረም። ምጽዋና አሰብ በኢጣልያ፥ ጅቡቲ በፈረንሳይ፥ ዘይላና በርበራ በእንግሊዝ ተይዘው ነበር።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል ካፈረሱ ከአንድ ዓመት በኋላ፥ መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 9 ቀን 1894)፥ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ኩባንያ እንዲያቋቁሙ ፈቃድ ሰጡ። ሙሴ ኢልግ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በሸዋ ቤተ መንግሥት ያገለገሉና በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የታመኑ ሰው ነበሩ፤ በሥራውም ፈረንሳዊው ነጋዴ ሙሴ ሌዎን ሸፍኔ ተባባሪያቸው ሆኑ። ፈቃዱ ሦስት መሥመሮችን ያጠቃልል ነበር፤ ይኸውም ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ከእንጦጦም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ነው። ዘመኑ 99 ዓመት ሲሆን፥ ከዚህ ሐዲድ ጋር የሚወዳደር ሌላ መሥመር እንዳይፈቀድም ለኩባንያው ተስፋ ተሰጠው።

ወረቀቱ በንጉሠ ነገሥቱና በታማኛቸው መካከል የተደረገ ስለነበር የሌላ መንግሥት ቁጥጥር አልነበረበትም። ነገር ግን ሁለት ክፍተት ነበረው። አንደኛ፥ ከጅቡቲ ወደብ አንሥቶ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ሐዲድ በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ውስጥ የሚያልፍ ስለሆነ፥ ከአዲስ አበባው ፈቃድ ሌላ የፓሪስም ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ሁለተኛ፥ ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ከአውሮፓ ገበያ መፈለግ ነበረበት። የባዕድ ቁጥጥር የገባው በእነዚህ በሁለቱ ክፍተቶች ነው።

ገንዘብ ሲጐድል

ኩባንያው በፓሪስ ተቋቁሞ ሥራውን በ1890 ዓ.ም. መጀመሪያ ከጅቡቲ ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በበረሃው ውኃ አልነበረም፤ በየሸለቆው ድልድይ መሥራት ብዙ ወጪ ጠየቀ፤ በመሬታቸው ላይ ባቡር እንዲያልፍ ያልወደዱት የአካባቢው ሰዎችም ሠራተኛውን ያጠቁ ነበር። በፓሪስ የተሸጠው አክስዮን የታሰበውን ያህል ገንዘብ ስላላስገኘ የኩባንያው ካዝና ቶሎ ተራቆተ።

በዚህ ጊዜ የለንደን ባለገንዘቦች ቀረቡና በኩባንያው ውስጥ ብዙ ገንዘብ አገቡ። ይህ በፈረንሳይ በኩል ታላቅ ሥጋት አስነሣ። ሐዲዱ በእንግሊዞች እጅ ከወደቀ ንግዱ ከጅቡቲ ወጥቶ ወደ እንግሊዝ ወደቦች ይዞራል የሚለው አሳብ በቅኝ ግዛት ፖለቲከኞች ዘንድ ተስፋፋ። ስለዚህ የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን ለማዳን ተነሣ። ጥር 29 ቀን 1894 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1902) በተፈረመው ውል በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ ተስማማ፤ በምላሹም በኩባንያው አስተዳደር ላይ ሰፊ የቁጥጥር ሥልጣን አገኘ።

በንግድ ዓይን ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው። ዕዳ ከፋዩ የሒሳቡን መዝገብ ይመረምራል፤ መዝገቡን የመረመረ ሹሙን ይመርጣል፤ ሹሙን የመረጠም የጭነቱን ዋጋ በእጁ ያደርጋል። ሐዲዱ ግን አብዛኛው በኢትዮጵያ ምድር ላይ የሚያልፍ ነበር፤ ፈቃዱንም የሰጡት አፄ ምኒልክ ነበሩ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ንጉሠ ነገሥቱ አልተጠየቁም፤ በውሉም ላይ ፊርማቸው አልነበረበትም። ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ የአንድ የውጭ መንግሥት መሣሪያ ሆኖ አገኙት።

ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ቆመ

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድሬዳዋ ደረሰ። የሐረር ከተማ በተራራ ላይ ያለች ስለሆነች ወደዚያ መውጣቱ ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ፥ ጣቢያው ከተራራው ግርጌ ተሠራና ስፍራው በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። አፄ ምኒልክ ግን የፓሪሱን ውል እንደማይቀበሉ አስታወቁ፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ አልፎ እንዳይዘረጋ ከለከሉ። የጦር ኃይል አላስፈለጋቸውም፤ የቀረውን መንገድ መከልከል ብቻ በቂ ሆነ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ባቡር ደኅና ገቢ ስለማያገኝ፥ ኩባንያው ከጥቂት ዓመት በኋላ በኪሣራ ወደቀ።

ይህ ክርክር ነጋዴውንም ሳይጐዳ አላለፈም። ከጅቡቲ በባቡር የመጣው ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያም በቆላው መንገድ በግመል ወይም በጨርጨር ደጋ በበቅሎ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ለአንድ ጭነት ሁለት ኪራይ መክፈል፥ በመካከሉም መጋዘን መከራየት ግድ ሆነ። በሌላ በኩል ድሬዳዋ ራሷ በዚሁ ምክንያት አበበች፤ የኢትዮጵያ፥ የግሪክ፥ የአርመን፥ የህንድና የዓረብ ነጋዴዎች ሱቅና መጋዘን ከፍተው የሚገናኙባት የንግድ ከተማ ሆነች።

በ1897 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥታቱን መልእክተኞች ሰብስበው፥ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ባቡሩን ራሳቸው እንደሚያሠሩት ነገሯቸው። መንግሥታቱ ግን ስምምነቱን ያለ እርሳቸው አደረጉት። ታኅሣሥ 4 ቀን 1899 ዓ.ም. (ዲሴምበር 13 ቀን 1906) እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በለንደን በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል እስከ አዲስ አበባ ያለውን ሐዲድ ለፈረንሳይ፥ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለውን ለእንግሊዝ፥ ኤርትራንና ሶማልያን የሚያገናኘውን ደግሞ ለኢጣልያ መደቡ። በዚሁ ውል የሦስቱ አገሮች ነጋዴዎች በባቡሩና በጅቡቲ ወደብ እኩል እንዲስተናገዱ፥ በሚያልፈውም ዕቃ ላይ ለፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ጥቅም የሚሆን የመተላለፊያ ግብር እንዳይጣል፥ በኩባንያውም ሸንጎ ውስጥ የእንግሊዝ፥ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እንደራሴዎች እንዲገቡ ተጻፈ።

ለነጋዴ ከእነዚህ አንቀጾች አንዳንዶቹ መልካም ነበሩ። ሆኖም የሸንጎው መቀመጫ ለባለቤቱ በእንግዶች ቸርነት እንደ ተሰጠ ልብ ማለት ይገባል። አፄ ምኒልክም ውሉ በተነገራቸው ጊዜ ስላሳወቋቸው አመስግነው፥ ስምምነቱ የራሳቸውን የንጉሠ ነገሥትነት ሥልጣን በምንም በኩል እንደማይወስነው መለሱላቸው።

ሁለተኛው ውል

ጥር 21 ቀን 1900 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 30 ቀን 1908) አፄ ምኒልክ የጓዴሉፕ ተወላጅ ለሆኑት ለሐኪማቸው ለዶክተር ዮሴፍ ቪታልያን አዲስ ፈቃድ ሰጡ። በዚህም መሠረት የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመና ሥራው ከድሬዳዋ ቀጠለ። ሐዲዱ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ጠቅላላ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። የመጀመሪያው ፈቃድ ከተሰጠ 23 ዓመት አልፎ ነበር።

ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም የጭነቱ ዋጋ ከፍተኛ ነው የሚለው የነጋዴዎች አቤቱታ አልተቋረጠም። ኩባንያው የሚመራው ከፓሪስ ነበር፤ የሚወዳደረው ሌላ ሐዲድም አልነበረም። በምዕራብ በኩል ቡናው በጋምቤላ አድርጎ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይወርድ የነበረው፥ ኋላም የአሰብ መንገድና ወደብ ብዙ ጭነት የሳበው፥ ነጋዴ ሁልጊዜ ሁለተኛ በር የሚፈልግ ስለሆነ ነው።

የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ወደ አዲስ አበባ እንዲዛወርና አክስዮኑ ለሁለቱ መንግሥታት እኩል እንዲሆን የተስማሙት በ1952 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያው ፈቃድ እስከዚያ ቀን 66 ዓመት ይቆጠራል። አንድ መንግሥት ራሱ የሰጠውን ፈቃድ ግማሽ ለማስመለስ ይህን ያህል ዘመን ፈጀበት። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የፈረንሳይ ድርሻ ወደ እርሷ ተላለፈ።

ለነጋዴው የሚቀረው ትምህርት

ዛሬ በዚያው አቅጣጫ የሚሄደው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ የተመረቀውም በኢትዮጵያ በኩል በ2009 ዓ.ም. መስከረም ነው። የባለቤትነቱ ድርሻ ሦስት አራተኛው የኢትዮጵያ፥ አንድ አራተኛው የጅቡቲ ሲሆን፥ አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ባንክ የተገኘ ብድር ነው። ንግድ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያንቀሳቀሱትም የቻይና ኩባንያዎች ነበሩ። ዘመኑ የቅኝ ግዛት ዘመን አይደለም፤ ብድርም እንደ ቁጥጥር ውል አይቈጠርም። ይሁን እንጂ በ1894 ዓ.ም. ሳይጠየቁ የታለፉት ጥያቄዎች በማናቸውም የመንገድ፥ የወደብና የመጋዘን ውል ላይ ዛሬም ይነሣሉ።

የመጀመሪያው፥ ፈቃዱን የተቀበለው ሰው ያለ ሰጪው ፊርማ ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ ገንዘብ ሲጐድል ጉድለቱን የሚሞላው ማን ነው፥ በምላሹስ ምን ይቀበላል የሚለው ነው። ሦስተኛው፥ የጭነቱን ዋጋ የሚወስነው ማን ነው፥ ነጋዴውስ አቤት የሚለው ለማን ነው የሚለው ነው። የአፄ ምኒልክ የመጀመሪያ ፈቃድ መንገዱን ለ99 ዓመት በግልጽ ወስኖ ነበር፤ የተጐዳው በእነዚህ በሦስቱ ጥያቄዎች በኩል ነው። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚባለው ተረት ለቤት ወጪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ቸግሮም እንኳ ቢሆን፥ ተበዳሪው ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚመጣውን ሹም አስቀድሞ ማወቅ አለበት።