አነፍናፊ ውሻን ከቤተሰብ ጋር ማኖር

ለገጣፎ ግቢ ያለው ሰው ውሻ ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣበት ሌባና ጅብ ነው። ውሻው ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እንደ ቢግልና ሃሪየር ያሉ መካከለኛ አዳኝ ውሾች ግን ለዚህ ኑሮ አይሆኑም። እንግሊዞች ያራቧቸው በመንጋ ሆነው የጥንቸልን ሽታ እየተከተሉ እንዲሮጡ ነው። ቢግል ከ10 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል፤ ሃሪየር 20 ኪሎን ያልፋል። ሁለቱም ብቻቸውን መዋል አይወዱም። ቀኑን ሙሉ ካሰሯቸው ያላዝናሉ፣ ያገኙትን ያኝካሉ።

እንዲህ ያለው ውሻ ዘበኛ ይሆናል ወይ? ብዙም አይሆንም። በር ሲንኳኳ ይጮኻል፤ ሰውየው ከገባ በኋላ ግን ጭራውን እየቆላ ይቀበለዋል። ግቢ ጠባቂ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት የሐበሻ ውሻ ይሻልዎታል፤ ብርዱንም ለምዶታል። ልጆች አብረውት የሚሮጡት ጓደኛ ከሆነ አዳኙ ጥሩ ምርጫ ነው። ሕፃንን ግን ከየትኛውም ውሻ ጋር ብቻውን አይተዉ።

ሲጠሩት ለምን አይመጣም? አፍንጫው ይዞት ነው። ሽታ የሚለዩት ሕዋሳት በሰው አፍንጫ ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ናቸው፤ በእሱ ከ200 ሚሊዮን በላይ። የጎረቤት ዶሮ ከሸተተው ጆሮው አይሰማም። ስለዚህ ከግቢ ውጭ ገመዱን አይፍቱ። የቆርቆሮ አጥርዎን ሥር ይመልከቱ፤ ክፍተት ካለ ቆፍሮ ይወጣልና ድንጋይ ይቅበሩበት። በቀን በድምሩ አንድ ሰዓት ያህል፣ ጠዋትና ማታ ከፍሎ ማንሸራሸር ያስፈልጋል። የማታው ሳይመሽ ይለቅ፤ ጅቡ ቀልድ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲከፈት አብሮ ቢያላዝን አይደንግጡ፤ ረጅም ድምፅ ሲሰማ መመለስ ልማዱ ነው። ለጎረቤት ግን አስቀድመው ይንገሩ።

ምግቡስ ስንት ያወጣል? 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ከ300 እስከ 450 ግራም የበሰለ ምግብ ይበቃዋል። በወር ከ9 እስከ 14 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ የሥጋ ቤት ትርፍራፊ ወይም እንቁላል፣ ቀሪው ሩዝና አትክልት ይሁን። ይህን በሰፈርዎ ዋጋ ሲያባዙት የወር ወጪዎን ያገኛሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ቤት ውስጥ የሚተርፈውም ሽሮና ምስር ነው። ሽንኩርት ስላለበት ለውሻ አይሆንም። ፍሪጅ ካለዎት አስቀድመው ገዝተው ያስቀምጡ።

ከጾሙ ይልቅ የሚያሰጋው ፋሲካው ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢበላም፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢበላም ይጎዳዋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ ስንጥር ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። ሦስተኛው ለእኛም ይተርፋል። በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ካዩ ለውሻ አይጣሉት። በውስጡ የኢኪኖኮከስ፣ ማለትም የትንሽዬ የኮሶ ትል እጭ አለ። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ከዚያ በልጅ እጅ አፍ ከገባ ሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ እብጠት ይሠራል። የሰው ሕክምናው ረጅም ነው፤ አንዳንዴ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ሥጋ በጥልቅ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ይስጡ፤ ሲገዙ ፕራዚኳንተል ያለበት መሆኑን ይጠይቁ። ሁሉም የትል ኪኒን ይህን ትል አይገድልምና።

ክትባት የግድ ነው? የእብድ ውሻ በሽታው አዎ፣ ያለ ክርክር። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚሰጥዎ ቀጠሮ ይቀጥላል። ፓርቮ የሚባለው ደም የሚያስቀምጥ የቡችላ በሽታ ክትባት ቀደም ብሎ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀመራል። ክትባት ከቅዝቃዜ ከወጣ ይበላሻልና ሐኪሙ በበረዶ ይዞት መምጣቱን ዓይተው ያስወጉ።

ውሻ ልጅ ቢነክስ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ። ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ለማስጀመር ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጸበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ መርፌውን ግን አይተዉ፣ የበሽታው ምልክት ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻውን ወዲያው አይግደሉት። አስረው 10 ቀን ይጠብቁት፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው፣ ሐኪሙም የልጁን ቀሪ መርፌ ሊያቆም ይችላል። ውሻው ከታመመ፣ ከሞተ ወይም ከጠፋ ግን መርፌው እስከ መጨረሻው ይወሰዳል።