የውጭ ቪዛና ክትባት፦ ከግዴታው ነፃ የሚሆነው ማን ነው?



በፒያሳና በአራዳ የውጭ ጉዞ ወሬ የማይነሳበት ቀን የለም። ፎርም የሚያስሞሉ፣ ሰነድ የሚያስተረጉሙ፣ የቤተሰብ ቪዛ የሚጠባበቁ ወንድሞችና እህቶች በዚያው ወደ መድኃኒት ቤታችን ጎራ ይላሉ። ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሙስሊም ስለሆንኩ ክትባቱ ይቅርልኝ ብዬ ማመልከት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። አንዳንዶቹም ጉዳይ አስፈጻሚ በገንዘብ የጻፈላቸውን ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ወር ዓምዳችን የአሜሪካን ሕግ መሠረት አድርገን ይህንን እንመለከታለን። ቪዛው ራሱ ስለ መሰጠቱ ወይም ስለ መቆሙ የሚወጣው መመሪያ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ እርሱን ከኤምባሲው ማረጋገጥ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሕጉ ምን ይጠይቃል?

ከ1996 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለቋሚ ኑሮ ወደ አሜሪካ የሚያመለክት ሰው መከተቡን ማሳየት አለበት። ከሚጠየቁት መካከል የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍ፣ የሩቤላ፣ የፖሊዮ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የዘጊ አናዳ፣ የትክትክና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ይገኛሉ፤ ዝርዝሩ እንደ ዕድሜ ይለያያል። በ2021 እ.ኤ.አ የተጨመረው የኮቪድ ክትባት በ2025 ቀርቷል። ምርመራውን የሚያደርገው ኤምባሲው የመረጠው ሐኪም ብቻ ነው።

«በልጅነቴ ተከትቤ ጨርሻለሁ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ ሲሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ የገባው ግን በ2007 አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ በሚከላከለው ክትባት ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ካርዱ ሙሉ ቢሆንም ይህ ይጎድለዋል።

በጤና ምክንያት የሚቀር ክትባት

ለዚህ የተለየ ማመልከቻም ሆነ ክፍያ የለም። ሐኪሙ ምክንያቱን በቅጹ ላይ ይሞላል፦

1. እርግዝና፦ እንደ ኩፍኝና ጉድፍ ያሉ በተዳከመ ሕያው ቫይረስ የሚሠሩ ክትባቶች ለነፍሰ ጡር አይሰጡም። እህቶች፣ እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ሳታፍሩ ተናገሩ።

2. ከባድ አለርጂ ወይም የተዳከመ የበሽታ መከላከል አቅም፦ ለምሳሌ የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው። የሕክምና ማስረጃውን ይዞ መቅረብ ይኖርበታል።

3. ዕድሜ፦ ለሕፃኑ ወይም ለአዛውንቱ ዕድሜ የማይታዘዝ ክትባት አይጠየቅም።

4. የጊዜ ልዩነት፦ ሄፓታይተስ ቢ በስድስት ወር ውስጥ በየተራ የሚሰጥ ነው። ስድስት ወር መጠበቅ ግን ግዴታ አይደለም፤ ጊዜው የደረሰውን አንድ መርፌ ወስዶ ቀሪውን ከሄዱ በኋላ መቀጠል ይቻላል።

ከዚህ ሌላ፣ በደም ምርመራ ኩፍኝን ወይም ሄፓታይተስ ቢን የመከላከል አቅም እንዳለው የተረጋገጠለት ሰው ያንን ክትባት መውሰድ አያስፈልገውም።

በሃይማኖት ምክንያትስ?

ሕጉ ይህንንም በር ክፍት አድርጎታል፤ በሩ ግን ጠባብ ነው። አመልካቹ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት አለበት፦ ማንኛውንም ዓይነት ክትባት የሚቃወም መሆኑን፣ ተቃውሞው ከሃይማኖቱ ወይም ከሕሊና እምነቱ የመነጨ መሆኑን፣ እምነቱም የእውነት መሆኑን። «ይህኛው ይቅር፣ ያኛው ይሁን» ማለት አይሠራም። አይ-601 የተባለ ቅጽ ይሞላል፤ ክፍያው በ2024 እ.ኤ.አ 1,050 ዶላር ደርሷል፣ ጥያቄው ውድቅ ቢሆንም አይመለስም። ውሳኔውም ወራት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናስብ። ከ2002 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ ከሐጅና ዑምራ ተጓዦች አራቱን የማጅራት ገትር ዓይነቶች የሚከላከል ክትባት ትጠይቃለች። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህንን ተከትበው ሐጅ ያደርጋሉ፤ ልጆቻችንንም ጤና ጣቢያ ወስደን እናስከትባለን። ታዲያ ይህን ያደረገ ሰው «ሃይማኖቴ ክትባትን ሁሉ ይከለክለኛል» ብሎ ቢፈርም ምን ሊባል ነው? ከዚህ በፊት መከተቡ ብቻውን ማመልከቻውን ውድቅ አያደርገውም፤ ምክንያቱ ግን ይጠየቃል። ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ ሐሰት መናገር ወይም የውሸት የክትባት ካርድ ማቅረብ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ለደላላ ደብዳቤ ብላችሁ የቤተሰባችሁን ዕድል አታበላሹ። ውሸት በዲናችንም ያለውን ቦታ ሁላችን እናውቀዋለን።

የጄላቲን ጉዳይ

የብዙዎች እውነተኛ ጭንቀት ይህ ነው። በአሜሪካው መርክ ኩባንያ የሚመረተው «ኤምኤምአር ሁለት» የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለበት። ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ በኩዌት የተሰበሰቡ ከ100 በላይ ዑለማኦችና ባለሙያዎች፣ ጄላቲን ባሕርዩ ፈጽሞ የተለወጠ (ኢስቲሓላ) ስለሆነ ይፈቀዳል ብለዋል። የኢንዶኔዥያ የዑለማእ ምክር ቤት ደግሞ በ2018 አንድ የኩፍኝና የሩቤላ ክትባትን በመርሁ ሐራም ብሎ፣ አማራጭ ባለመኖሩ በዶሩራ ፈቅዷል። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም መፍቀድ ላይ ደርሰዋል።

ልቡ ያልረጋ ሰው ለሚያምነው ዓሊም ያቅርብ። ሐኪሙንም «ጄላቲን የሌለበት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። «ፕሪዮሪክስ» የተባለው ተመሳሳይ ክትባት ጄላቲን የለበትም። ባይገኝ እንኳ አንድን ክትባት ብቻ መቃወም ለሃይማኖት ፈቃድ እንደማይበቃ አስታውሱ።

ከቀጠሮው በፊት

• የቤተሰቡን ሁሉ የክትባት ካርድ ፈልጋችሁ አንድ ቦታ አስቀምጡ፤ ከጠፋ ወደ ተከተባችሁበት ጤና ጣቢያ ሂዱና መዝገቡ እንዲታይላችሁ ጠይቁ።
• የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያዙ።
• የተሰጣችሁን የክትባት ማስረጃ ቅጂ አስቀሩ፤ ለልጆቹ ትምህርት ቤትም ይጠየቃል።

አላህ ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን፤ የሚጓዙትንም በሰላም ያድርሳቸው። ወሰላሙ ዐለይኩም።