ስለ ልጆች የችግር መቋቋሚያ ትምህርት፤ ፍሬውን በምን እንመዝነው?

በልደታ በሚገኘው ፍርድ ቤት ያለ መልካም ዳኛ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ ለመፍረድ አይቸኩልም። ስለ ልጆቻችን አስተዳደግ የሚነገረውን ግን ብዙ ጊዜ ሳንመረምር እንቀበለዋለን። ለወጣቶች ኀዘንን፣ ቍጣንና የባልንጀራን ግፊት የሚችሉበትን ብልኀት እናስተምራለን የሚሉ በርክተዋልና፣ ወላጅም ሹምም የትምህርቱን ፍሬ መመዘን ሊያውቅ ይገባዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በአማራ ክልል በሞሰቦ ቀበሌ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2004 እስከ 2006 የተፈተነው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ሥራ ነው። ከ10 እስከ 19 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች በሴት መካሪ እየተመሩ በማኅበር ይሰበሰቡ ነበር። ያልተማሩት ፊደልና የኑሮ ብልኀት ይማራሉ፤ ተማሪዎቹ ደብተርና እርሳስ ያገኛሉ፤ ወላጆች ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ይወያያሉ፤ ልጁን ሳይድር ላቈየም ቤተ ሰብ ፍየል ይሰጠው ነበር።

መርማሪዎቹ ግን የሞሰቦን ነገር ብቻ አላዩም፤ ይህ ሥራ ካልደረሰበት ተመሳሳይ ስፍራ ጋራ አስተያዩት። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት በትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ያኽል ሆነ፤ የመዳራቸውም ዕድል ወደ ዐሥረኛ እጅ ወረደ። ከ15 እስከ 19 ያሉት ግን ካልተረዱት ይልቅ አብዝተው ተዳሩ። ይህም በ2009 ሲታተም ሳይሸሸግ ተጻፈ።

ሁለቱ ዕድሜ በአንድ ቍና ተሰፍሮ ቢሆን ኖሮ፣ የታናናሾቹ ደስታ የታላላቆቹን ነገር በሸፈነ ነበር። ደግሞም ምክሩ፣ ደብተሩና ፍየሉ በአንድነት ስለ ተሰጡ፣ ፍሬው የየትኛው እንደ ሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብልን ከማን ጋራ ተነጻጸረ? በየዕድሜው ተለየን? ካበቃ በኋላስ ጸንቷልን? ብለን እንጠይቅ። ከሁሉ ይልቅ ያልመጡት እነማን ናቸው? እንበል። በአዲስ አበባ በ2006 የተጀመረው «ብሩህ ተስፋ» መካሪዎቹን ቤት ለቤት የላከው፣ ትምህርት ቤት ያልገቡት ልጃገረዶችና የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ስለማይመጡ ነው። ከጓዳችን የምታገለግለን ልጅ በመዝገቡ ካልተቈጠረች፣ ቍጥሩ ምንም ቢያምር ጐደሎ ነው፤ እርሷንም ለመላክ ፈቃዱ የእኛ ነው።