ማላሪያ የሚለው ስም ከየት መጣ?

ማላሪያ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየትምህርት ቤቱና በየሐኪም ቤቱ ስንሰማው ስለ ኖርን ትርጉሙን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ቃሉ ግን በመሠረቱ የኢጣልያ ቋንቋ ሲሆን፤ «ክፉ አየር» ማለት ነው።

በጥንት ዘመን በሮማ አካባቢ ባለው ረግረግ አገር የሚኖሩ ሰዎች፤ በሙቀት ወራት የሚነሣውን ትኩሳት የሚያመጣው ከረግረጉ የሚወጣው የሸተተ አየር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህም ሲመሽ መስኮታቸውን ይዘጉ ነበር። የሚያስገርመው ምክንያታቸው የተሳሳተ ሲሆን ሥራቸው ጥቂት መጥቀሙ ነው፤ የተዘጋ መስኮት ትንኝን ያግዳልና። እንግሊዛዊው ደራሲ ሆራስ ዋልፖል በ1740 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከኢጣልያ በጻፉት ደብዳቤ ይህን ስም ጠቅሰውት ይገኛል።

የእኛ አባቶች «ንዳድ» ሲሉ በሽተኛው የሚሰማውን ማቃጠል ሰየሙ እንጂ ስለ መነሻው አልፈረዱም። በዚህ ረገድ ስማችን ከፈረንጆቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በ1880 በአልጄሪያ የበሽታውን ተሐዋሲ በሰው ደም ውስጥ አዩ። በ1897 ዶክተር ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር፤ በሴኩንደራባድ፤ ተሐዋሲው በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ አገኙ። በማግሥቱ ዓመት ኢጣልያዊው ግራሲና ባልደረቦቻቸው በሽታውን ወደ ሰው የምታስተላልፈው አኖፌሊስ የምትባለው ትንኝ መሆኗን አስረዱ። አየሩ ከክስ ነጻ ወጣ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

የስሙ ስሕተት ዛሬም ያዘናጋል ብለን እንፈራለን። ብዙ የከተማ ሰው የሚሸት ረግረግ በሰፈሩ ካላየ ወባ የለም ብሎ ይተኛል። ነገር ግን በ2016 በቀብሪ ደሐር የተገኘችው፤ ከእስያ ወገን የመጣችው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ እንቁላሏን የምትጥለው ለቤትና ለግንባታ በተጠራቀመ ውሃ፤ በበርሜልና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። በ2022 በድሬዳዋ፤ ዝናብ በሌለበት ወራት፤ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችው ይህችው ትንኝ ናት።

ክዳን የሌለው በርሜል አይሸትም፤ ነገር ግን በሙቅ አገር በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቁላሉ በራሪ ትንኝ ይሆናል። መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር የትምህርት ቤቱን በርሜል ቢመረምሩ መልካም ነው። ከውሃው ገጽ ጋር አግድም ተዘርግታ የምትንሳፈፍ ትንሽ ትል ብትገኝ የአኖፌሊስ እጭ ናትና፤ ውሃውን በደረቅ መሬት ላይ አፍስሰው፤ የበርሜሉን ግድግዳ በደንብ ፈግፍገው፤ ክዳን ያብጁለት።