ከጆሮ ወደ ጣት፦ የኦክስጅን መለኪያው ጉዞ ከምርምር ወደ ኩባንያ

በኮሮና ሰሞን ብዙ ቤት የገባች ትንሽ መሣሪያ አለች። እንደ ልብስ መቆንጠጫ አፏን ከፍታ ጣት ትይዛለች፤ ውስጧ ቀይ መብራት ይበራል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ሁለት ቁጥር ታወጣለች። አንዱ የልብ ምት ነው። ሁለተኛው ሐኪሞች «ሳቹሬሽን» የሚሉት ሲሆን፣ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደተሸከመ ይናገራል። ያኔ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ከመድኃኒቱ ጋር እሷም ትታዘዝ ነበር። ስሟ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው።

የሕክምና ምርምር እንዴት ኩባንያ እንደሚሆን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህች መሣሪያ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይቸግራል። ሐሳቡ የመጣለት ሰው አልከበረበትም። ሰውየው ይሠራበት የነበረው ድርጅትም ብዙ አልገፋበትም። የቀደመው ኩባንያ ገበያውን አልያዘም። ዓለምን ያዳረሰው አራተኛ ወይም አምስተኛ ላይ የደረሰ ሰው ነው።

ታኩዎ አዮያጊ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒሆን ኮህደን በሚባል የሕክምና መሣሪያ አምራች ውስጥ ይሠራ ነበር። ይዞት የነበረው ጉዳይ ኦክስጅን አልነበረም። ልብ በደቂቃ ምን ያህል ደም እንደምትረጭ ለማወቅ ደም ሥር ውስጥ ቀለም ይወጋል፤ ቀለሙ በጆሮ በኩል ሲያልፍ በብርሃን ይለካል። ችግሩ ልብ በመታች ቁጥር ጆሮ በደም ይሞላል፤ ብርሃኑ ይወዛወዛል፤ ንባቡ ይበላሻል። አዮያጊ ይህን ውዝዋዜ ለማጥፋት ሁለተኛ ብርሃን ጨመረና አንዱን በሌላው እያካፈለ ማጣፋት ጀመረ። ተሳካለት። ይሁንና የሚለካው ሰው ኦክስጅን ዝቅ ሲል ውዝዋዜው ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበሳጭቶ ሥራውን ይተወው ነበር። እሱ ግን ሊያጠፋው የሚታገለው ነገር የኦክስጅኑን መጠን እየነገረው እንደሆነ ገባው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክስጅን የያዘ ደም ደማቅ ቀይ ስለሆነ ቀይ ብርሃንን ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ያጣ ደም ጠቆር ስለሚል ቀዩን ይውጠዋል። በዓይን በማይታየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ከድሮም ይታወቅ ነበር። አስቸጋሪው በጣት ወይም በጆሮ ውስጥ ደም ብቻ አለመኖሩ ነው፤ ቆዳ አለ፣ ሥጋ አለ፣ ወደ ልብ የሚመለስ ደምም አለ። ሁሉም ብርሃን ይውጣሉ። ከዚያ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች ጆሮን ማሞቅ ወይም ደሙን ጨምቆ ማስወጣት ይፈልጉ የነበሩት ለዚህ ነው። አዮያጊ ያየው ግን ቀላል ነገር ነው፦ ከዚህ ሁሉ መካከል ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ከልብ ተነሥቶ የሚመጣው ደም ብቻ ነው። ከፍ ዝቅ የሚለውን ብቻ ለክቶ የሁለቱን ብርሃን ንጽጽር ከወሰዱ፣ የቀረው ሁሉ ከሒሳቡ ይወጣል።

ኒሆን ኮህደን የፓተንት ማመልከቻውን ያስገባው በማርች 1974 ነው። ካሜራ በመሥራት የሚታወቀው ሚኖልታ በራሱ መንገድ እዚያው ሐሳብ ላይ ደርሶ ኖሮ በሚቀጥለው ወር አመለከተ። የኒሆን ኮህደን መሣሪያ በ1975 ጆሮ ላይ የሚገጠም ሆኖ ወጣ፤ ብዙም አልተራመደም፤ አዮያጊም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ። የጻፈው ጽሑፍ በጃፓንኛ ስለነበር ውጭ አገር የሚያውቀው አልነበረም። ስሙ በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ሴቨሪንግሃውስ የመሣሪያውን ታሪክ እየቆፈረ ሄዶ በ1980ዎቹ አጋማሽ ካገኘው በኋላ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች «ወርቁን በእጁ ይዞ የጣለ ድርጅት» ማለት ይቀናቸዋል። እኔ ፍርዱ ትንሽ የከበደ ይመስለኛል። የ1975ቱ መሣሪያ ተራ አምፖልና ማጣሪያ መስተዋት ነበር የሚጠቀመው፤ ሒሳቡን የሚሠራለት ርካሽ ማይክሮፕሮሰሰርም ገና አልነበረም። ሚኖልታም በ1977 ብርሃኑን በክር መሰል መስተዋት ወደ ጣት የሚያደርስ መሣሪያ አውጥቶ ገበያው ላይ ብዙ አልቀናውም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዕቃው አልደረሰለትም።

ዕቃው የደረሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤልኢዲ የሚባለው ትንሽ መብራት ረከሰ፤ ማይክሮፕሮሰሰርም እንዲሁ። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ስኮት ዊልበር የሚባል ሰው ባዮክስ የተሰኘ ጀማሪ ኩባንያ አቋቁሞ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው። መሣሪያው ጥሩ ይሠራ ነበር። ባዮክስ የሄደው ግን ወደ ሳንባ ምርመራ ክፍሎችና ወደ መተንፈሻ ሕክምና ባለሙያዎች ነው። ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ ወደ ሳንባ ሐኪም ቢሄድ ማን ይሳሳታል ይላል? እዚያ የነበረው ሐኪም ግን አይቸኩልም፤ ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ልኮ መጠበቅ ይችላል።

መጠበቅ የማይችለው ሰመመን ሰጪው ነው። ዊሊያም ኒው በካሊፎርኒያው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰመመን ሰጪ ሐኪም ነበር፤ የኤሌክትሮኒክስ ነገርም ይገባዋል። የቀዶ ሕክምና ክፍሉን ከውስጥ ያውቀዋል። በሽተኛው ተኝቷል፤ ጡንቻው በመድኃኒት ስለላላ በራሱ አይተነፍስም፤ ሰውነቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። የመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ቧንቧ መግባቱ ቀርቶ ወደ ምግብ ቧንቧ ቢገባ፣ ወይም ማያያዣው ቢላቀቅ፣ አንጎል ለመጎዳት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። እስከዚያ ዘመን ድረስ ሰመመን ሰጪው የሚያየው የከንፈርና የጥፍር ቀለም ነበር፤ ወይም ቀዶ ሐኪሙ «ደሙ ጠቆረብኝ» እስኪለው ይጠብቃል። በ1947 የወጣ ጥናት ግን ብዙ ተመልካቾች ከንፈር መጥቆሩን የሚያስተውሉት ሳቹሬሽኑ ወደ 80 በመቶ ገደማ ከወረደ በኋላ እንደሆነ አሳይቷል። ያ ደግሞ ዘግይቷል። ጥቁር ቆዳ ላይማ የባሰ ነው።

ኒው ከነጋዴው ጃክ ሎይድና ከመሐንዲሱ ጂም ኮረንማን ጋር በ1981 ኩባንያ አቋቋመ፤ ከሦስቱ ስም ጫፍ ጫፉን ወስደው ኔልኮር አሉት። ኤን-100 የተባለው መሣሪያቸው በ1983 ገበያ ወጣ። ብርሃኑ የባዮክሱ ዓይነት ብርሃን ነው፤ የፊዚክሱ ሕግም ያው ነው። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነበር። በእያንዳንዱ የልብ ምት «ቢፕ» ይላል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወፍራል። ሰመመን ሰጪ እጁ ሥራ ይዟል፣ ዓይኑ በሽተኛው ላይ ነው፤ ነጻ የሆነው ጆሮው ብቻ ነው። ድምፁ ሲወፍር ቁጥሩን ሳያይ ይደነግጣል፤ ቀዶ ሐኪሙም፣ ነርሷም አብረው ይሰማሉ። ዛሬ መሣሪያው ባለበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉ የሚሰማው ድምፅ የዚያ ወገን ነው። የጀማሪ ኩባንያ ሥራ የተገኘን ዕውቀት ወደ ገበያ ማጓጓዝ ይመስለን ይሆናል። እዚህ ግን ዕውቀቱን ባዮክስም ሚኖልታም ነበራቸው፤ ኔልኮር የጨመረው ዕውቀቱ በየትኛው ደቂቃ፣ ለማን እንደሚጠቅም ማወቁን ነው። ያንን ደግሞ ያወቀው ገበያ ጥናት ሠርቶ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ስለኖረ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጠነ። የአሜሪካ ሰመመን ሰጪዎች ማኅበር በ1986 የክትትል መመሪያ አወጣ፤ የኦክስጅን መጠንን በመሣሪያ መለካት በ1990 ግዴታ ሆነ። የሚገርመው፣ መሣሪያው ሕይወት ማትረፉን በትልቅ ሙከራ ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። ዴንማርካውያን ተመራማሪዎች 20,802 ሕሙማንን በሁለት ከፍለው ያደረጉት ጥናት በ1993 ሲወጣ፣ መሣሪያው በተገጠመላቸው ዘንድ የኦክስጅን መቀነስ 19 እጥፍ በበለጠ ተደርሶበታል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በደረሰው ችግር ላይ ግን ልዩነት አልታየም። መሣሪያውን አስወግዱ ያለ ግን የለም። በዚያ ክፍል የሠራ ሰው ድምፁን ከለመደ በኋላ ያለ እሱ መሥራት አይፈልግም።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ከሳጥኑ ይልቅ ጣት ላይ ከሚለጠፈው ዳሳሽ ነው። ኔልኮር ለአንድ በሽተኛ ተለጥፎ የሚጣል ዳሳሽ መሸጥ ጀመረ፤ መሣሪያው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ዳሳሹ በየቀኑ። ለባለሀብቶቹ ግሩም ነው። ድሃ አገር ሲመጣ ግን ወጥመድ ነው፤ ሳጥኑ ደህና ሆኖ ዳሳሽ በማጣት ብቻ ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ ማየት እኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2010 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በዓለም ወደ 77,700 የሚጠጉ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች መሣሪያው የላቸውም ሲል ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ደግሞ በሽተኛው ላይ ይኑር ብሎ በስም የጠራው መሣሪያ ይኸው ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴና የሰመመን ሰጪዎች ማኅበራት በ2011 ላይፍቦክስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁመው፣ ጠንከር ያለና በ250 ዶላር የሚደርስ መሣሪያ ከሥልጠና ጋር ማከፋፈል ያዙ። ድርጅቱ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይሠራል።

ቀጣዩ ጀማሪ ኩባንያ የተነሣው ከኔልኮር ድክመት ነው፤ ሕፃን ጣቱን ሲያወናጭፍ መሣሪያው ይሳሳታል። በልጅነቱ ከኢራን ወደ አሜሪካ የመጣው ጆ ኪያኒ በ1989 ማሲሞን መሥርቶ ከባልደረባው ከሞሐመድ ዲያብ ጋር እንቅስቃሴውን ከምቱ የሚለይ ሒሳብ አወጣ። ከዚያ የፓተንት ክርክር ይዞ ፍርድ ቤት ነው፤ በ2006 ኔልኮር ለማሲሞ 330 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ኋላም ማሲሞ ኦክስጅን በሚለካው የአፕል የእጅ ሰዓት ጉዳይ ከአፕል ጋር ተካሰሰ።

መሣሪያዋ ርካሽና ቀላል ከሆነች በኋላ ምርምርን ራሱን ማገልገል ጀመረች። አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢል በ2002 ባሳተመችው ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሳቹሬሽን 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ባሕር ጠረፍ ካለ ሰው ብዙ አይርቅም። በዚያ ከፍታ የሚኖሩ የአንዲስና የቲቤት ሰዎች ያሳዩት ከዚህ የተለየ ነው። ደም ቅዳ እየወጉ በተራራ ላይ ይህን ያህል ሰው መለካት ባልተቻለም ነበር።

ይሁንና የቁጥሩን ምንጭ ማወቅ ይገባል። መሣሪያዋ ከብርሃን ንጽጽር ወደ መቶኛ የምትሻገረው ውስጧ በተቀመጠ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ለመሥራት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር ይስባሉ፤ ሳቹሬሽናቸው ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ድረስ በየደረጃው ደማቸው ተቀድቶ ይለካል። ታዲያ በጎ ፈቃደኞቹ እነማን ነበሩ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የ2013 መመሪያ ከ10 ሰዎች ቢያንስ 2ቱ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ይሁን ይላል። ሁለት ሰው ብቻ! በ2020 ማብቂያ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየላቸው ሕሙማን መካከል እውነተኛው የደም ምርመራ ከ88 በታች የሆነባቸው ከነጮቹ 3.6፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ እንደነበሩ አሳየ። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል፤ ይህ ጥርጣሬ ከዓመታት በፊትም ተጽፎ ነበር፤ ኩባንያዎቹን ያስቸኮላቸው ግን አልነበረም። በኮሮና ወቅት ኦክስጅን ይሰጠው አይሰጠው የሚለው ውሳኔ በዚህ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ጥፍር ቀለምና የበረደ ጣት ንባቡን ያዛቡታል፤ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ የከሰል ጭስ ነው። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ሄሞግሎቢኑን ሲይዘው ደሙ ኦክስጅን እንደያዘ ደም ደማቅ ይሆናል፤ በሁለት ብርሃን ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ሁለቱን መለየት አይችልም። ማሲሞ በ2005 ብርሃኖቹን አብዝቶ ይህን ጋዝ የሚለካ መሣሪያ አውጥቷል፤ በየቤቱ ያለችው የጣት መቆንጠጫ ግን ያንን አትችልም። ከሰል ሲነድ ባደረበት ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ የተገኘ ሰው ጣት ላይ 98 ብታሳይም አትመኗት፤ ሰውየውን አየር ወዳለበት አውጥቶ፣ ኦክስጅን ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። እዚያ በደም ምርመራ ይለያል።